ገና ልጅ ናት፣ ምን አድርጋ ነው?

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን አፋችንን ከፈታን ጀምሮ እታለም ነው ያልናት። መንዝ ተወለደች፣ በ14 ዓመቷ እዚያው ተዳረች፣ እዚያው ዘጠኝ ልጅ ወለደች። እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ ጣቶቿ የሌለ እንዝርት ያሾሩ ነበር። እሷ በፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራ ባና ዛሬም ደብረ ብርሃን እናቴ አልጋ ላይ አለ። ይከብዳል። የአገራችንን ብርድ ለሚያውቅ ግን ክብደቱ ደስ ይላል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጠይቃት መንዝ ሄጄ ነበር። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶቿ ተሰብስበዋል። እታለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደሜ ተመለሰ" አለች። የወር አበባዋ ከቆመ አራት ዓመት አልፎታል። አንዷ ጎረቤት እጇን አጨብጭባ "እሰይ! ኮረዳ ሆንሽ በይ!" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እታለምም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። 29 ዓመቴ ነበር፣ ዲግሪ አለኝ፣ ከተማ ነው የምኖረው። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል "ይሄ ነገር ልክ አይደለም" ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላልኩም። አላውቅም ነበራ።

የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም የወጣትነት ምልክት አይደለም። ቶሎ መታየት ያለበት ምልክት ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደምም፣ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ የሚመጣም እንደዚያው። ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ግን ሐኪም አይቶ "አይደለም" እስኪል ድረስ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ይህን አንድ አንቀጽ ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

እታለም ደሙ አልቆመላትም። በእኛ ዘንድ ደም ያለባት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም። ስለዚህ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ማስቀደስ ጀመረች። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ። ሰው መጠየቅ ሲጀምር እሱንም ተወችው። ማህበር መሄድም ቀረ፤ ምክንያቱ ሽታው ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ልብሷን የምታጥበው ሌሊት፣ ሰው ሳያያት፣ ወንዝ ወርዳ ነበር። የመንዝን የህዳር ሌሊት ውርጭ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይበል። የ56 ዓመት ሴት በዚያ ጨለማ፣ በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ እጇን ነክራ የራሷን ምስጢር ታጥባለች።

ሲጠይቋት "ወገቤን ነው" ትል ነበር። ማህፀን የሚለውን ቃል በሕይወቷ ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። አንድ ጤና ተቋም ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ሦስት ጊዜም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብላ እንክብል ይዛ ተመልሳለች። አንድም ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ ያያት ሰው አልነበረም። እሷም እዩኝ አላለችም። ጠበልም ሄዳለች፤ ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ገብታ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሰላም ነበር፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ስንወስዳት ሐኪሙ የማህፀን በር ካንሰር መሆኑንና ከማህፀኗ አልፎ መሰራጨቱን ነገረን። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፈች።

አሁን ልጆቻችንን የማህፀን በር ካንሰር ክትባት እናስከትብ ወይስ አናስከትብ ወደሚለው ክርክር ልምጣ።

የወንድሜ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ለትምህርት ብላ ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን ለመከተብ በመላ አገሪቱ ዘመቻ ሲጀመር እሷም ከትምህርት ቤት "የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ልንከተብ ነው" ብላ መጣች። ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ለመከተብ የታቀደ ትልቅ ዘመቻ ነበር። ክትባቱ ወደ አገራችን የገባው ግን ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሚሰጠው ለ14 ዓመት ልጆች፣ ሁለት ጊዜ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ማስረጃውን አይቶ ለዚህ ዕድሜ አንዱም ይበቃል ካለ በኋላ ብዙ አገሮች ወደ አንድ ወርደዋል። አንድ መርፌ፣ ክንድ ላይ፣ አለቀ።

እናቴ ለወንድሜ ደወለች። ስልኩን የወንድሜ ሚስት አነሳችው። ድምጽ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"እማማ፣ ይሄ እኮ በግንኙነት የሚመጣ በሽታ ነው አሉ። ገና ልጅ ናት፣ ምን አድርጋ ነው?"

ይህ ጥያቄ ከክፋት የመጣ አይደለም። ልጇን የምትወድ እናት ጥያቄ ነው። ብዙ ቤት ውስጥም ይህ ጥያቄ ነው ያለው፣ ሰው በግልጽ ባይናገረውም። ክትባቱን ልጅቷን እንደ መጠርጠር ነው የምናየው። አስከትቧት ማለት "ነገ ትባልጋለች" ማለት ይመስለናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ብዙ ነገር ልል አልፈልግም። ይህ ሐሳብ ስህተት መሆኑን ብቻ፣ በደንብ አድርጌ መናገር ነው የምፈልገው።

ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፤ ሐኪሞቹ ኤች ፒ ቪ ነው የሚሉት። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ብዙዎቹ ምንም አያደርጉም፤ አንዳንዶቹ የቆዳ ኪንታሮት ያወጣሉ። ጥቂቶቹ ናቸው ካንሰር የሚያመጡት። ከእነሱም 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን ከመቶ ሰባ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ። ይህን ግንኙነት ያረጋገጠው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነው። ሁለቱን ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከካንሰሩ ውስጥ ለይቶ አወጣቸው። በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸለመ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ይህ ቫይረስ የባለጌ ሰው በሽታ አይደለም። በሕይወቱ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው፣ ወንድም ሴትም፣ አንድ ቀን ያገኘዋል። አንድ ባል ብቻ ያላት ሴት ታገኘዋለች። አንድ ሚስት ብቻ ያለው ወንድም እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፣ አያሳክክም፣ አያምም፤ ሰው መያዙንም ሳያውቅ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ጠርጎ ያስወጣዋል። ችግሩ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ማህፀን በር ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሕዋሶቹን ይለውጣል። ካንሰር እስኪሆን 15፣ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ ግን ይፈጥናል።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ እታለም እንመለስ። በ14 ዓመቷ ከተዳረችበት ሰው ሌላ ወንድ አታውቅም። ባሏም ቢሆን ጨዋ ሰው ነበር፣ በድሏታል ብዬ አልናገርም። የሆነ ቀን፣ ማንም ሳያውቅ ቫይረሱ ገባ። አልወጣም። ዓመታት ቆጠረ። ልጅ ሆኖ መዳር፣ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ እነዚህ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። እና በእኛ አገር ልጅ ሆኖ የተዳረችና ብዙ የወለደች ሴት ማለት ባለጌዋ ናት ወይስ የተመሰገነችዋ?

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ሚስት በስልክ ማስረዳት ሞከርኩ። መሃል ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠብኝና ቆምኩ። ያን ጊዜ እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

"እታለም ምን አድርጋ ነበር?" አለች።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስልኩ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ "እሺ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉ" የሚል ድምጽ መጣ።

እናቴ ግን ለራሷም ጥያቄ ነበራት። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን "መካን ያደርጋል ይላሉ፣ እሱስ?" አለችኝ። ይህ ወሬ በየገበያው አለ። እንደማይመስለኝ ሳይሆን እንደማውቀው ነገርኳት። ክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም። የሞተ ቫይረስም የለም። ያለው የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚመስል ባዶ ቅርፊት ነው። እናቴ የገብስ አገር ልጅ ስለሆነች "ገለባ በይው" አልኳት። "ፍሬው የሌለበት ገለባ። ብትዘሪው አይበቅልም። ሰውነት ግን ገለባውን አይቶ የእህሉን መልክ ይለያል፣ እውነተኛው ሲመጣ ያውቀዋል።"

"ገለባ አይበቅልም" አለች እናቴ ለራሷ። ገባት።

ክትባቱ በዓለም ላይ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር መርፌ ተወግቷል፤ መካንነት አመጣ የሚል ማስረጃ አልተገኘም። ማህፀን የሚያስወጣው በሽታው ነው። ካንሰሩ ከያዘ በቀዶ ሕክምና ማህፀን ሊወጣ ይችላል፣ የጨረር ሕክምናውም መውለድን ያስቀራል። መካንነትን የሚፈራ ሰው ልጁን ማስከተብ ነው ያለበት። ስኮትላንድ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ልጆች ላይ ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱን አወጡ። ልጆቹ አድገው ሴቶች ሆነዋል። በአንዷም ላይ የማህፀን በር ካንሰር አልተገኘም። አንድም። ይህን ያነበብኩ ቀን ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

በልጅነት የሚሰጠው ለምንድነው ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። ክትባቱ የገባን ቫይረስ አያስወጣም፣ እንዳይገባ ነው የሚከለክለው። የልጅ ሰውነት ደግሞ ለክትባት የሚሰጠው መልስ ከአዋቂው ይበረታል። እናቴ እዚህ ላይ አልከበዳትም፤ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነዋ" አለች። ወንዶችም ቫይረሱን ይይዛሉ፣ ያስተላልፋሉ፣ የጉሮሮና ሌላ ካንሰርም ያመጣባቸዋል። በኛ አገር ለጊዜው የሚሰጠው ለሴት ልጆች ነው። አንድ ቀን ለወንዶቹም ይደርስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የክትባቱ ቀን ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ማልደን ነው የወጣነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ሲስተሯ ከእኛ ቀድማ ደርሳለች። ሰማያዊ የክትባት ሣጥኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አይስ ፓኮቹን አንድ በአንድ እያነሳች ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቃቸዋለች። ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት።

"ውሃ ሲንቀጨቀጭ መስማት አለብኝ" አለችኝ። "በረዶው ድርቅ ብሎ ከጠነከረ ክትባቱን ያበላሸዋል። ይሄ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ሌላ ቦታ ያሉ ጓደኞቼ ሙቀት ነው የሚፈሩት። እዚህ እኔ ቅዝቃዜውንም እፈራለሁ።"

ይህች ሴት በዚያ ብርድ ጣቷ ቀልቶ፣ የትንሽ ብልቃጥ ሙቀት ስትጠብቅ ማየት ልቤን ነካው። ስለ ክትባት ስናወራ ስለ መንግሥትና ስለ ውጭ አገር እናወራለን። ክትባቱ ግን መጨረሻ ላይ በእንደዚህ ዓይነት ሰው እጅ ነው የሚደርሰን። አይስ ፓክ ጆሮዋ ላይ ይዛ በምታዳምጥ ሰው እጅ።

የወንድሜ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። መርፌው ገባ፣ ወጣ። "ጨርሰሻል የኔ ቆንጆ" አለቻት ሲስተሯ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ልጆች ከመርፌ በኋላ አንዳንዴ ስለሚያዞራቸው 15 ደቂቃ ይቀመጣሉ። ክንዷን ሁለት ቀን አመማት፣ ትንሽ አበጠ፣ ከዚያ ተወው። ሌላ ምንም አልሆነችም።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ሲስተሯ ወደኔ ዞር ብላ "አንቺስ ታይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላውቅም። የእታለምን ታሪክ ለሰው ሁሉ እያወራሁ እኔ ራሴ አንድም ቀን ተመርምሬ አላውቅም ነበር። ለኔ ዕድሜ ክትባቱ አልፏል፤ ምርመራው ግን አላለፈም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ብትታይ ጥሩ ነው፤ ኤች አይ ቪ ያለባት ደግሞ ከ25 ጀምሮ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ምርመራው ግን ካሰብኩት በላይ ቀላል ነው። ተኛሁ፣ ሲስተሯ አሴቲክ አሲድ በጥጥ አድርጋ ማህፀን በር ላይ ቀባች። ሽታውን ወዲያው አወቅኩት፤ ሰላጣ ላይ የምንጨምረው አቼቶ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታየ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ ነው። ብዙውን ጊዜ እዚያው በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ያክሙታል። የኔ ንጹሕ ነበር። ስነሳ ያሰብኩት ስለራሴ አይደለም። ያቺን አንድ ደቂቃ ነው ያሰብኩት። አንድ ደቂቃ፣ ጥጥ፣ አቼቶ። እታለም ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያላገኘችው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 350,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል። አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር ይሄ ነው። ቁጥሩን ሳነበው ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ጎንበስ ያለች አንዲት ሴት ናት የምትታየኝ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ። ክትባቱ በዋናነት በትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው። ትምህርት ቤት የሌለችውስ? በየገጠሩ በሰላሙ ነገር ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። በግ የሚጠብቁ አሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ በየሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች አሉ። እናቴ ጎረቤት አንዲት አለች። ከመንዝ ነው የመጣችው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ጨርቅ ስታሰጣ አያታለሁ። ስለሷ ለሲስተሯ ነገርኳት።

"አምጫት" አለችኝ። "ዕድሜዋ ከሆነ እንከትባታለን። ተማሪ መሆን የለባትም።"

አሠሪዋን አስፈቀድኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ "ውሰጃት፣ ግን አታቆዪያት፣ እንጀራ መጋገር አለባት" አለች። ወላጆቿ ጋ መንዝ ደውለን አባቷን አነጋገርናቸው። እሳቸው ስለበሽታው ሰምተዋል፤ ጎረቤታቸው የሞተችው በሱ ነው። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" ብቻ ነው ያሉኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ "ስንት ዓመትሽ ነው?" አለቻት። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "እንጃ" አለች። "በአጨዳ ነው የተወለድኩት አሉኝ። ታላቄ አሥራ አምስት ሆኗታል፣ በሷና በኔ መሃል የሞተ ልጅ አለ።" ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ይዛ በጣቷ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች፣ እኔንም አየችኝ። ካርዱ ላይ 12 ብላ ጻፈች።

መርፌውን ስትወጋት አልጨፈነችም። ዓይኗ መርፌው ላይ ነበር። ከዚያ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ ያለችውን ጥጥ በጣቷ ይዛ፣ ካርዱን በሌላው እጇ ጭኗ ላይ አድርጋ ስሟን ታየዋለች። ማንበብ ትችል እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከአፍታ በኋላ ወደ በሩ ማየት ጀመረች።

"እትዬ፣ ልንሄድ ነው?" አለችኝ። "ሊጥ አቡክቼ ነው የመጣሁት፣ ኩፍ ብሎ ይፈስብኛል።"

15 ደቂቃው ገና አልሞላም ነበር። ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላትና "ሊጡ ይቆይሻል" አልኳት።